ሰባ ዓመት ያዳመጡ ከተሞች

በሶማሌ ክልል ዝናብ ለሁሉም በአንድ ወቅት አይመጣም። በደቡቡ፣ በጎዴና በቀብሪደሃር በኩል፣ አርብቶ አደሩ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ጉ እና ዴር ለሚላቸው ሁለት ወቅቶች ነው፤ አንደኛው ከሚያዝያ ገደማ፣ ሌላው ከጥቅምት ጀምሮ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ፋፈንና ሲቲ ዞኖች ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሽንሌና የአውበሬ ሰው የሚጠብቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ዲራዕ እና ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበውን ከረን ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚነበበው ትንበያ በልግ፣ ክረምት፣ በጋ እያለ ይናገራል። ከሞቃዲሾና ከናይሮቢ በሶማሊኛ የሚሠራጨው ደግሞ ጉ እና ዴርን ይቆጥራል። ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። የሽንሌው ባለግመል ግን ሁለቱንም ሰምቶ ስለ ራሱ ሰማይ ምንም ሳያውቅ ያድራል።

ከ2013 ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ ተከታትለው በከሸፉበት ድርቅ፣ ከብቱን ወዴት ልንዳ፣ ስንቱን ልሽጥ፣ ስንቱን ላቆይ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ከየትኛውም ዋና ከተማ ሳይሆን ከትናንት ወዲያ የሚቀጥለውን ቆላ አይቶ ከተመለሰ ሰው ዘንድ ነው። የዚያን ሰው ቃል ለመንደሩ ሁሉ የሚያደርስ ጣቢያ አለ ወይ የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የሶማሊኛ ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው የቅርብ ድምፅ ነው፤ ተናግሮ ነገ ገበያ ላይ የሚገኝ፣ ቢሳሳት የሚጠየቅ፣ ቢታሰር ጠያቂ ያለው።

የዚህ አካባቢ ሕዝብ ከራዲዮ ጋር ያለው ትውውቅ ከብዙው የኢትዮጵያ ገጠር የጠለቀ ነው። የሐርጌሳ ራዲዮ እንግሊዞች ሶማሌላንድን ሲያስተዳድሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተጀመረ ነው። ሞቃዲሾ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከተለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1957 የቢቢሲ የሶማሊኛ ክፍል ከለንደን ማሰራጨት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ባለው ትውልድ ሁሉ ወንዶች በየሻይ ቤቱ ትራንዚስተሩን ከብበው፣ ማንም እንዳይናገር እጅ እያወዛወዙ፣ ዜናውን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ የዕለት ሥርዓት ሆነ። ኢትዮጵያም በንጉሡ ዘመን በሶማሊኛ ማሰራጨት ጀመረች። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል የጽሕፈት ቋንቋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1972 መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ጽሑፉ ሳይመጣ ራዲዮው መጥቶ ነበር። ጋዜጣ የሚባለውን ደረጃ ዘለውት ከቃል ግጥም በቀጥታ ወደ ሞገድ የተሻገሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ጣቢያ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚናገር ነበር፤ አብዛኛውም አንድ ነገር ሊያሳምን ነው የሚናገረው። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ስትያዝና የካቲት 26 ቀን 1970 በኢትዮጵያና በኩባ ኃይሎች ስትመለስ፣ ከምድሩ ውጊያ ጎን ለጎን የሞገድ ውጊያም ነበር። ከሞቃዲሾ የሚመጣው ነፃ ወጥተሃል ይላል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነፃ ወጥተሃል ይላል። ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር ራዲዮ ሆሪዮ በተባለው አጭር ሞገድ ሲያሰራጭ፣ በዚያው መስመር ላይ ድምፅ እየለቀቁ ማፈን የተለመደ የመንግሥት ሥራ ሆነ። ሬዲዮኑን የከፈተ ሰው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነበር፤ ያ ጩኸት ራሱ ግን እዚያ ውስጥ ሊሰማ የማይገባ ነገር መኖሩን ይነግረው ነበር።

በዚህ መንገድ ያደገ አድማጭ ሞኝ አይደለም። አንዱን ዜና ከሦስት ጣቢያ ያመሳክራል፤ የለንደኑን ከሐርጌሳው፣ የሐርጌሳውን ከአዲስ አበባው። ሶማሌዎች ቁጭ ብሎ የሚዋጋ እያሉ የሚቀልዱበት የሻይ ቤት ተንታኝ የዚህ ልምድ ልጅ ነው፤ የዋሽንግተንን ምርጫና የሞቃዲሾን ካቢኔ በስም ይጠራል። የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ባለፈው ዓመት የሰበሰበው ገንዘብ የት እንደገባ ግን የሚነግረው ጣቢያ አግኝቶ አያውቅም።

ታዲያ የክልሉ መንግሥት የራሱን ጣቢያ ከከፈተ በኋላስ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የጅግጅጋ ተሞክሮ “ቋንቋው የአካባቢው ከሆነ፣ ሠራተኛው የአካባቢው ከሆነ፣ ድምፁም የአካባቢው ነው” የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። የኢትዮጵያ ሶማሌ ቴሌቪዥን ይባል የነበረው ጣቢያ ይህን ሁሉ አሟልቷል። ስቱዲዮው ጅግጅጋ ነው፤ ቋንቋው ሶማሊኛ ነው፤ ካሜራውን የሚይዘው የከተማው ልጅ ነው። ከ2002 እስከ 2010 ክልሉን በመሩት በአብዲ መሐመድ ዑመር ዘመን ግን ይኸው ጣቢያ በአብዛኛው የአንድ ሰው ዓይንና አፍ ሆኖ ኖረ። የክልሉ እስር ቤት፣ ጄል ኦጋዴን፣ ከጣቢያው ብዙም በማይርቅ ቦታ ነበር፤ በውስጡ የሚሆነውን ዓለም የሰማው ግን ከሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ሪፖርትና በስደት ካሉ ተናጋሪዎች እንጂ ከከተማው ጣቢያ አይደለም። የጣቢያው ቅርበት አድማጩን አልጠቀመውም። ለባለሥልጣኑ ቅርብ የሆነ ጣቢያ ለጎረቤቱ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ዋጋ የታየው ሐምሌ 28 ቀን 2010 እና በተከታዮቹ ቀናት ነው። የፌዴራል ጦር ወደ ጅግጅጋ በገባበት በዚያ ቅዳሜ ከተማዋ ታመሰች። ሱቆች ተዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፤ አማርኛና ሌሎች ቋንቋዎች ተናጋሪ የሆኑ ነዋሪዎች ሸሽተው በየግቢው ተጠለሉ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልብ ማለት ያለብን ነገር፣ በዚያ ሰዓት ከተማው ውስጥ የነበረ አንድ ሶማሌ ጎረቤቱን ደብቆ እንኳ ቢሆን “እኔ ደብቄአለሁ፤ እናንተም ደብቁ” ብሎ ለሰፈሩ የሚናገርበት መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች እንደነበሩ ከተረፉት አፍ ተሰምቷል። የተሰማው ግን ካለፈ በኋላ ነው፤ የጥላቻው ወሬ ደግሞ ጣቢያ አላስፈለገውም፤ በእግሩ ሄዷል።

ከነሐሴ 2010 ወዲህ፣ ሙስጠፌ መሐመድ ዑመር የክልሉን አመራር ከያዙ በኋላ፣ አየሩ ተለወጠ። ጄል ኦጋዴን ተዘጋ፤ በስደት የነበሩ ተናጋሪዎች ተመለሱ፤ ማይክሮፎን የያዘ ወጣት በየአደባባዩ ታየ። ያ መከፈት ግን ወሰን እንዳለው ብዙም ሳይቆይ ተገለጠ። በጥር 2015 በክልሉ ያለፈቃድ ይሠራሉ የተባሉ 15 መገናኛ ብዙኃን እንዲታገዱ ተደረገ፤ ብዙዎቹ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ከአገር ውጭ ሆኖ በሳተላይትና በኢንተርኔት ለሶማሊኛ ተናጋሪው ሁሉ የሚያሰራጩ ነበሩ። በየካቲት 2016 ደግሞ በጅግጅጋ የመንገድ መዘጋትን በፌስቡክ የተቸ የአንድ ዝግጅት አዘጋጅ ታሰረ። የመንገድ መዘጋት! ከዚህ የበለጠ የሰፈር ጉዳይ ምን አለ? የማኅበረሰብ ራዲዮ የተባለው ነገር ለሌላ ምን ሊጠቅም ይችላል?

በሕግ ረገድ መንገዱ ከተጠረገ ሰነባብቷል። በ1999 የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ፈቃድን በሦስት ከፍሎ፣ ከመንግሥትና ከንግድ ጎን የማኅበረሰብን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ቀድመው ስማቸው የተነሣው የጂማ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ የኮሬ፣ የከምባታ፣ ወደ ምሥራቅም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መቆጣጠሪያውን ወደ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ለውጦ፣ ሦስቱን መደብ ይዞ ቀጠለ። ይህ አዋጅ ራሱ በሚያዝያ 2017 ተሻሽሏል፤ በማሻሻያው የባለሥልጣኑ ዋና ዳይሬክተር ሹመት ከፓርላማው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዞረ፤ ቦርዱ ከያዘው ሥልጣንም ከፊሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ስለ ሁለት መቶ ዋት ማሰራጫ የሚያስብ የወረዳ ሰው ይህ ምን አገባኝ ሊል ይችላል። ያገባዋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ያው ቢሮ ነው።

ከሕጉ ይልቅ ጣቢያዎቹን የጎዳቸው ባለቤትነት ነው። በወረቀት ላይ ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው። በተግባር መብራቱን የሚከፍለው፣ ቤቱን የሰጠው፣ ጋዜጠኛውን የሚቀጥረው ዩኒቨርሲቲው ወይም ወረዳው ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሥራ ላይ በነበረበት አሥር ዓመት፣ በመብት ጉዳይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያመጣ ሲከለከል፣ ከመንግሥት ቢሮ ሌላ የሚንኳኳ በር አልነበረም። ሕጉ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ቢቀየርም ልማዱ አልተቀየረም። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ሳለ የወረዳው የውኃ ቦቴ የት እንደሄደ የሚጠይቅ ዝግጅት ማሰራጨት ድፍረት ይጠይቃል።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአፍሪካ የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ራዲዮ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1982 በዩኔስኮ እርዳታ በኬንያ፣ በሆማ ቤይ የተከፈተው ነበር። መሣሪያው ርካሽ፣ አሠራሩ ቀላል፣ ቋንቋው ሉኦ ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መንግሥት ዘጋው። ቴክኒኩ አልከሸፈም፤ ሰዉም አልጠላውም። የመዝጋት ሥልጣን ያለው አካል እንጂ ለምን ዘጋህ ብሎ የሚጠይቅ አካል አልነበረም።

አሁን ወደ ፖድካስቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው “ራዲዮ አለፈበት፤ ዘመኑ የስልክ ነው” ብሎ ይህን ሁሉ ሊዘልለው ይፈልጋልና። በጅግጅጋ ፖድካስት የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ላይ እንደምናውቀው በሁለት ማይክሮፎንና በሶፋ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ብቻ አይደለም። አብዛኛው በፌስቡክ ቀጥታ ይተላለፋል፤ ከፊሉ ዩቲዩብ ላይ ረጅም ጨዋታ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሁሉም በላይ የሚዞረው ደግሞ የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ነው። መጻፍ የማይወድ፣ ወይም በላቲን ሶማሊኛ መጻፍ ያልተማረ ሽማግሌ፣ ቁልፉን ተጭኖ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ መልእክቱ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ደርሶ መልሱ ከምሳ በፊት ይመጣል። ለቃል ባህል ከዚህ የተስማማ መሣሪያ አልተፈጠረም። ቀድሞ ግጥም በካሴት ተቀድቶ ከሞቃዲሾ እስከ ድሬዳዋ ይዞር እንደነበረው ማለት ነው።

መረቡም እየሰፋ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት የከፈተው በድሬዳዋ ነበር፤ የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት የተሰበረው ከምሥራቅ ነው ማለት ይቻላል። ድንበሩ ላይ ደግሞ የሶማሌላንድ ሲም ካርድ ከኢትዮጵያው ጋር በአንድ ስልክ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራል። ከመስመር ውጭ የሆነውስ? እሱም መላ አለው። የስልክ ሱቅ ጎራ ብሎ ሚሞሪ ያስጭናል፤ ስብከቱን፣ ዘፈኑን፣ ክርክሩን ይዞ ወደ ገጠር ይሄዳል።

ሆኖም ይህ ሁሉ መናገሪያ ማንን አናገረ ብለን ስንጠይቅ መልሱ አያስደስትም። በብዛት የሚደመጠው ወንድ ነው፤ ከተሜ ነው፤ ውጭ አገር የኖረ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዳታውን የሚሞላለት ነው። ተመልካች የሚሰበስበው ደግሞ በጎሳ ስም የሚነሣ ክርክር ነው፤ ስልተ ቀመሩ ጎሳ ባያውቅም ቁጣን ያውቃል። ሴቶች በሶማሌ ባህል የራሳቸው የግጥም ዘርፍ፣ ቡራንቡር፣ አላቸው፤ በሠርግና በሰላም ድርድር ላይ የወንዶቹን ሸንጎ የሚያሳፍር ቃል የሚወጣው ከዚያ ነው። በስክሪኑ ላይ ግን የሚታየው ለበዓል ማድመቂያ ሲሆን ነው። ፊቷን በማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ማየት የማትፈልግ የቀብሪበያህ እናት፣ ድምፅ ብቻ በሆነው ራዲዮ ልትናገር የምትችለውን በቪዲዮ አትናገረውም። ድምፅ ከነምስሉ ካልሆነ አይሸጥም የሚለው የዘመኑ ፈሊጥ በዚህ አካባቢ ግማሹን ሕዝብ ዝም ያሰኛል።

ሌላው ነገር ከዚህም ይከብዳል። ስልኩን አንሥቶ የሚናገር ሰው ብቻውን ነው። አርታኢ የለውም፤ ከመልቀቁ በፊት “ይህን አጣራ” የሚለው፣ ከለቀቀ በኋላም “ይህን ያልነው እኛ ነን” ብሎ ከጎኑ የሚቆም የለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሲመጣበት የሚመጣው በስሙ ነው። ጣቢያ ግን ሊቀ መንበር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ሊዘጋ ይችላል፣ ሲዘጋ ግን የተዘጋው ተቋም ነው። የ2016ቱን እስር ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ያው የመንገድ መዘጋት በማኅበረሰብ ራዲዮ የጠዋት ዝግጅት ላይ ሦስት ባለባጃጆች፣ አንዲት ነፍሰ ጡርና አንድ የትራፊክ ፖሊስ ቢናገሩበት ኖሮ፣ ማንን ያስራሉ? ሊያስሩ አይችሉም አልልም። ይከብዳቸው ነበር ግን።

በድምፅ መልእክትና በራዲዮ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የተሞከረ ነገር አለ፤ ትኩረት የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2011፣ በዚያ ክፉ የረኃብ ዓመት፣ ኢንተርናሽናል ሚዲያ ሰፖርት የተባለው የዴንማርክ ድርጅት ያቋቋመው ራዲዮ ኤርጎ ከናይሮቢ በሶማሊኛ ያሰራጫል። ፖለቲካ አይነካም፤ ጉዳዩ ውኃ፣ መኖ፣ በሽታ፣ የገበያ ዋጋና መፈናቀል ነው። በሶማሊያ አድማጮች በነፃ መስመር ደውለው መልእክታቸውን ይቀዳሉ፤ የተቀዳው ተሰብስቦ ለጋዜጠኞቹ ዜና ይሆናል፤ ጥያቄው ለባለሙያ ተመርቶ መልሱ በአየር ይመለሳል። ጉድጓዱ የደረቀበት ሰው ራሱ ዘጋቢ ይሆናል ማለት ነው። ጉድለቱም እዚያው ነው፤ ስቱዲዮው ናይሮቢ፣ ገንዘቡ የለጋሽ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ናይሮቢ ለተነገረ ወቀሳ መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም። ያንኑ አሠራር ወደ አውበሬ ወይም ወደ ሽንሌ ማምጣት ቢቻል ግን ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

ወደ ቋንቋ ጉዳይ ስንመጣ፣ አንድ እንግዳ ነገር ልጥቀስ። በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ክላርክስተን በምትባል ከአትላንታ አጠገብ ያለች የስደተኞች ከተማ፣ ሰገል ራዲዮ የሚባል በሶማሌ ስደተኞች የተጀመረ የማኅበረሰብ ራዲዮ አለ። ከሶማሊኛ ሌላ በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በኔፓልኛ፣ በበርማና በካረን ቋንቋዎች ያሰራጫል። ይዘቱ ተራ ነው፤ ሐኪም ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የሥራ ቅጥር። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ሰፈር ኖረው ስለ አንዱ ውኃ፣ ስለ አንዱ መብራት መጥፋት፣ ስለ አንዱ ሐኪም ቤት በአንድ ጣቢያ ላይ ተነጋግረው የማያውቁ አማርኛ ተናጋሪና ሶማሊኛ ተናጋሪ፣ አትላንታ ሲደርሱ አንድ ማይክሮፎን ይጋራሉ። ድሬዳዋ በአስተዳደሩ ጣቢያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ትናገራለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያም ቢሆን ሦስቱ ቋንቋዎች በየሰዓታቸው ይመጣሉ፤ አንዱ ሲገባ የሌላው አድማጭ ሬዲዮኑን ያጠፋል።

ሰሜኑ የክልሉ ክፍል ይህን ጉዳይ በተለየ ሁኔታ ያከብደዋል፤ ማንነት እዚህ በአንድ መስመር አይሰመርምና። ከኦሮሚያ ክልል ጋር ባለው ድንበር ላይ የሚኖሩት ጃርሶዎች ከቤት ኦሮምኛ፣ ከገበያ ሶማሊኛ፣ ወይም በግልባጩ የሚናገሩ ናቸው። በጥቅምት 1997 በ420 ያህል ቀበሌዎች በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሶማሌ ነህ ወይስ ኦሮሞ ተብለው በካርድ እንዲመርጡ ተደረገ፤ በ2009 እና 2010 በሁለቱ ክልሎች ድንበር የተነሣው ግጭት ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀለ። ገቦዬ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት፣ በብረትና በቆዳ ሥራ የኖሩት፣ ከሌሎቹ ጎሳዎች ጋር በጋብቻ የማይቀላቀሉት ወገኖች በሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ነው። የሐረሪው ነጋዴ፣ የጉራጌው ባለሱቅ፣ ከደጋ መጥቶ ሦስት ትውልድ የኖረው መምህር አለ።

ይህን ሁሉ ለማስተናገድ የሚመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ የአየር ሰዓትን በኮታ መከፋፈል ነው፤ ለዚህ ጎሳ ሰኞ፣ ለዚያ ማክሰኞ። እኔ በጽኑ የምቃወመው ይህን ነው። በጎሳ የተከፈለ ሰዓት በጎሳ የተከፈለ አድማጭ ይወልዳል፤ በዚያ ሰዓት የሚቀርበው ሰውም የጎሳው ተወካይ ሆኖ እንጂ የራሱ ችግር ያለው ሰው ሆኖ አይናገርም። የሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀምር የሕዝብ ቋንቋ የሚናገር፣ የሚያስቅ፣ ስልክ የሚቀበል፣ ለወጣቱ ቅርብ የሆነ ጣቢያ ነበር። በማግስቱ ዓመት በዘር ማጥፋቱ ያደረሰውን ዓለም ያውቃል። “ለሕዝቡ ድምፅ ሰጠነው” የሚለው አባባል ብቻውን መልካምነትን አያረጋግጥም፤ ማን እንዲናገር ተደርጎ ስለ ማን ነው የሚናገረው የሚለው ይቀድማል።

ሰዓቱን በጉዳይ መክፈል ይሻላል። የውኃ ሰዓት፣ የገበያ ሰዓት፣ የመንገድ ሰዓት፣ የትምህርት ቤት ሰዓት። ስለ ቶጎ ውጫሌ ጉምሩክ በሚደረግ ውይይት ላይ ኮንትሮባንድ ተብሎ ስኳሩ የተወረሰበት የጉራጌው ባለሱቅና ያንኑ ስኳር በአህያ ያመጣችው ሶማሌ ሴት አንድ ወገን ይሆናሉ፤ ሳያስቡት። አንዱ በአማርኛ ቢናገር፣ ሌላዋ በሶማሊኛ ብትመልስ፣ አዘጋጁ በመሃል ለሁለቱም በአጭሩ ቢያቀብል፣ ገበያው በየቀኑ የሚሠራው በዚሁ መንገድ አይደለም እንዴ? የተጣራ የአንድ ቋንቋ ዝግጅት ለመንግሥት ጣቢያ ይስማማል እንጂ የጅግጅጋን ታይዋን ገበያ አይመስልም።

ፖድካስቱ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የአየር ሰዓት ያልፋል፤ ከብት ይዞ የወጣ ሰው ማክሰኞ ጠዋት የተባለውን አይሰማም። የተሰራጨው ተቆርጦ በዋትስአፕ ሲላክ፣ በስልክ ሱቁ ሚሞሪ ላይ ሲጫን፣ የራዲዮው እድሜ ይረዝማል። በተገላቢጦሽም፣ ከሽንሌ የተላከ የድምፅ መልእክት በአርታኢ እጅ አልፎ አየር ላይ ሲውል ላኪው ሽፋን ያገኛል፤ ስሙን ቢያስቀር እንኳ ጣቢያው ያውቀዋል፣ ለቃሉም ኃላፊነት ይወስዳል። በእኔ ግምት ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ መሣሪያ አይደለም። ለአንድ ከተማና ለዙሪያው የሚበቃ አነስተኛ ማሰራጫ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ነፃ የስልክ መስመር፣ ውኃ መቅጃው ድረስ ሄደው የሴቶችን ድምፅ የሚቀዱ ሁለት ሴት ጋዜጠኞች። ውድ የሆነው ደመወዛቸውን በየወሩ መክፈልና ደመወዙን የከፈለው አካል ዝግጅቱን እንዳያዝዝ ማድረግ ነው። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ቢያሠለጥን፣ ቤትና መብራት ቢሰጥ መልካም፤ ማይክሮፎኑን ግን በግቢው ውስጥ ቢያስቀረው የተማሪ ራዲዮ ይሆናል።

ሙከራው ከየት ይጀመር ቢባል ቀብሪበያህን እመርጣለሁ። ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችው ይህች ከተማ ከ1983 ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ አላት። በአቅራቢያዋ ያለችው ሐርተሼክ በ1980 ከሐርጌሳ የሸሹትን ተቀብላ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ያስጠለለች፣ በዘመኗ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ የተባለችና በ1996 የተዘጋች ናት፤ ቀብሪበያህ ግን አልተዘጋችም። ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ልጅ ወልደውባታል። ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣው ውኃ ከተማውንም መጠለያውንም ያጠጣል፤ ፓምፑ ሲቆም ሁለቱም እኩል ይጠማሉ፤ ማን ቀድሞ ይቅዳ የሚለውም ጠብ የሁለቱ ነው። ቋንቋቸው አንድ፣ ሃይማኖታቸው አንድ፣ ገበያቸው አንድ ነው፤ የሚለያያቸው መታወቂያ ነው። ስለ ፓምፑ በየሳምንቱ የሚናገር ጣቢያ ቢኖር ከመጀመሪያው ቀን አድማጭ አያጣም።

ከመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ጥያቄም ይታወቃል። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት፣ የመንቀሳቀስና የመማር መብት ሰጥቷል። በጣቢያው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ እዚያው የተወለደችው የሠላሳ ዓመት ስደተኛ እጇን አውጥታ ትመርጣለች ወይስ ተጋብዛ ትናገርና ትወጣለች? ፈቃድ ጠያቂው ይህን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ጽፎ ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት መግባት ይኖርበታል፤ መሥሪያ ቤቱም አዎ ወይም አይሆንም ብሎ በጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል።